ያላነበብኩት ምዕራፍ

ጡረታ የወጣሁት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ደብዳቤው የሥራ መደቤን «የድምፅ ንባብ ሠራተኛ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ይህን ስም ለሰው ሳስረዳ ኖሬአለሁ። ካዛንቺስ ያለው ሰፈራችን ሳይፈርስ በፊት አንዲት ጎረቤቴ ሥራሽ ምንድን ነው አለችኝ፤ ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ እያነበብኩ በካሴት እቀርጻለሁ አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «እና አንብበሽ ነው ደሞዝ የምትበዪው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ሲሰጥ እንዲህ ነው እንግዲህ» ብላ በሯን ዘጋች። ሰፈሩ ፈርሶ እስክንበታተን ድረስ ሥራ ፈት እንደመሰልኳት ነበር።

አሁን ስልክ ያነባል። ተማሪዎቹ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይሄዳሉ፤ ማሽኑ አማርኛውን እያንገጫገጨም ቢሆን ይነግራቸዋል። አያስለውም፣ ውኃ አይጠማውም፣ ምሳ አይወጣም። ክፍላችን ሊዘጋ አንድ ሐሙስ እንደቀረው ሁላችንም እናውቅ ስለነበር ጡረታው አላስደነገጠኝም። ማሽኑ ግን እኔ ያጠፋሁትን ዓይነት ጥፋት አያጠፋም። ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ስለዚያ ጥፋት ብዬ ነው፤ ሌላው የሥራ ዘመኔ ቢጻፍም ባይጻፍም ማንም አይጎዳም።

የተቀጠርኩት በፈተና ነው። የንባብ ክፍሉ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም የማይርቅ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነበር። ከካዛንቺስ በእግሬ ስደርስ በረንዳው ላይ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ተቀምጠዋል። ጋሽ ውብሸት ናቸው፤ ከኔ በፊት ለብዙ ዓመታት እዚያ ያነበቡ። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ የቲያትር ክበብ አባል ነበርኩ፤ ድምፄን የሚያመሰግን ሰው አጥቼ አላውቅም። ልብ ወለድ ይሰጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ብሄድ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት አወጡልኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ስጨርስ ዓይናቸውን ገለጡና፣

«አንቺ ልጅ፣ ማዳበሪያው ምን አደረገሽ?» አሉኝ።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ልታለቅሺ ምንም አልቀረሽ። ሰሚው የራሱ ልብ አለው፤ ሲያሻው ያለቅሳል። አንቺ ቀድመሽ ከጨረስሽበት ለሱ ምን ተረፈው?»

ይጥሉኛል ብዬ ነበር፤ ግን ትንፋሼ አይሰማም ብለው ተቀበሉኝ። ማልቀሱን እሳቸው እንደሚያስተዉኝ ለኃላፊው ነገሩት። ደሞዙን አላነሳውም፤ ለማውራትም አይበቃ።

የመቅረጫ ክፍላችን ግድግዳው በብርድ ልብስና በእንቁላል መያዣ ካርቶን የተለበጠ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው የማይገባበት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ መቅረጽ ዘበት ነበር፤ ዝናቡ ሳይመጣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገብተን እንሠራለን። በአንድ በኩል የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ፣ በሌላ በኩል አዛኑ ስላለ የሁለቱንም ሰዓት በልባችን ይዘን ነበር የምናነበው። ያልቻልነው በየሰፈሩ እየጮኸ አሮጌ ዕቃ የሚገዛውን ቁራሌው ብቻ ነው። ቁራሌው ሰዓት የለውም። አንድ የታሪክ መጽሐፍ ላይ ነገሥታቱ ጦር ሊገጥሙ ሲሉ «ቁራሌው!» የሚል ጩኸት ገብቶ ቀርቷል። ተማሪዎቹ ያንን ምዕራፍ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር፤ እንዲያውም ፈተና ላይ አልረሳነውም ብለው ያመሰግኑናል።

ጋሽ ውብሸት ማይክራፎኑ ፊት ከመቀመጣቸው በፊት የእጅ ሰዓታቸውን ይፈታሉ፤ ይቆጥራል ይላሉ። ቁልፋቸውንና ሳንቲማቸውን ውጭ ጠረጴዛ ላይ ይተዋሉ። የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ክፍሉ ውስጥ አያስገቡም። ለብ ያለ ውኃ እንጂ ሻይ አይነኩም፤ ስኳር ምራቅ ያጓጉላል ባይ ናቸው። አንድን መጽሐፍ መጀመሪያ ለብቻቸው ከዳር እስከ ዳር ያነቡታል፤ የሰዎቹንና የቦታዎቹን ስም በእርሳስ ይለቅሙና ሲያነቡ እንዳይደናቀፉ ይለማመዷቸዋል። ገጽ ሲገልጡ እንዳይንኮሻኮሽ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ሳይደርሱ ጥጉን በሁለት ጣት አንስተው ይጠብቃሉ። ይህን አንድ ነገር ለመልመድ እኔ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል።

ሲሳሳቱ ካሴቱን መልሰው አይደልዙም። «ተሳስቻለሁ፤ ከዚህ እደግመዋለሁ» ብለው በዚያው ድምፅ ይቀጥላሉ። ለምን አያጠፉትም ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የሚያይ ሰው የጸሐፊውን ስርዝ ድልዝ ያያል። ከማያየው ለምን ይደበቃል?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ኃላፊዎች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ መጽሐፍ ሳይሆን ካሴት ይቆጥር ስለነበር ወፍራም መጽሐፍ ስንይዝ ፊቱ ይፈካል። እኔም አንድ ዓመት ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለው ቅርንጫፋችን ተልኬ ለሕግ ተማሪዎች አዋጅ ሳነብ ከረምኩና ቂርቆስ ተመለስኩ። መሠረት የመጣችው በተመለስኩ በዓመቱ ነው።

መሠረት ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን ወስዶታል። አባቷ ጎማ ቁጠባ አካባቢ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ከጉራጌ አገር መጥተው ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው። እሷ አማርኛ አጥንታ በጥሩ ውጤት ተመርቃለች። ከተመረቀች ጀምሮ አምስት ትምህርት ቤት አመልክታ አምስቱም መልሰዋታል። ሁሉም መጀመሪያ፣ «በጣም ጠንካራ ልጅ ነሽ» ይሏታል፤ ቀጥለው ክፍል መቆጣጠር እንደማትችል ይነግሯታል። አንድ ቀን፣ «እትዬ አልማዝ፣ አሁንማ ጠንካራ ነሽ ሲሉኝ ቦርሳዬን ማንሳት እጀምራለሁ» ብላኝ ስቀናል።

ስለ ጥንካሬ ያለኝ አስተያየት ከዚያን ጊዜ ወዲህ ተለውጧል። ስንት ቆራጥ ሰው በመጽሐፍ አንብቤአለሁ! በመጽሐፍ ውስጥ ዓመታት በአንድ አንቀጽ ያልፋሉ፤ «ከብዙ ድካም በኋላ» ይልና ባለታሪኩ ግቡ ላይ ይደርሳል። መሠረት ግን ያንን «ብዙ ድካም» የሚሉትን በየቢሮው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጸሐፊዋ ምሳ ወጥታ እስክትመለስ ጠብቃ፣ ነገ ነይ ተብላ፣ ነገም ሄዳ ነበር የምትኖረው። ካሴት ስትመልስልኝ ደግሞ ምሕረት የላትም። «ሁለተኛው ካሴት መሐል ላይ ደክሞዎት ነበር፤ ሰዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑብኝ» ትለኛለች። እወዳት ነበር። ልጅ የለኝም፤ ያ ሳይጨምርበት አልቀረም።

ስድስተኛው ትምህርት ቤት ካዛንቺስ አካባቢ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነው። ርዕሰ መምህሩ አልመለሷትም። አሥረኛ ክፍል ገብታ አንድ ክፍለ ጊዜ እንድታስተምር፣ የመምህራን ኮሚቴ ከኋላ ተቀምጦ እንዲያያት ወሰኑ። የምታስተምረው ተማሪዎቹ በዚያ ዓመት ያነበቡትን ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ አዲስ ስለነበር በብሬልም በካሴትም የለም። አሥር ቀን ሰጧት። መጽሐፉን ገዝታ ሮጣ መጣች።

ልማዳችን አንዱ ካነበበ በኋላ ሌላው መጽሐፉን ይዞ ካሴቱን እያዳመጠ እንዲያመሳክር ነው። ያን ሰሞን ግን ጋሽ ውብሸት ጉሮሯቸውን ተቀድደው ቤታቸው ተኝተዋል። ሌላ ሰው የለም፤ ጊዜም የለም። ብቻዬን ገባሁ።

ታሪኩ አስካለ ስለምትባል ባልቴት ነው። አንድ ግራዝማች መሬቷን ይነጥቃታል፤ እሷ ዘጠኝ ዓመት ፍርድ ቤት ትመላለሳለች። ሃያ ሦስት ምዕራፍ አለው። በሃያ ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ፍርድ በሚሰጥበት ጠዋት፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ራሷን ቀና አድርጋ ችሎቱ ውስጥ ትገባለች። በሃያ ሦስተኛው ይፈረድባትና ትረታለች። ይግባኝም የላት። ተመልሳ የገዛ መሬቷ ድንበር ላይ ምርቱን ከባለቤቱ ጋር የምትካፈልበት የእኩል ማሳ ይዛ ታርሳለች፤ ግራዝማቹ ጠዋት ጠዋት ሲያልፍ በስሙ ጠርታ «እንደምን አደሩ» ትለዋለች። መጽሐፉ በዚህ ያበቃል።

ሃያ ሁለተኛውን የጨረስኩት ካሴቱን ለመውሰድ መሠረት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ነው። በመስኮቱ አየኋት። አምስት ጊዜ ተባርራለች፤ ከሁለት ቀን በኋላ ስድስተኛው ፊት ትቆማለች። እንዲህ ለፍታ የተረታች ሴት ታሪክ ልሰጣት ነው? አንጀቴ እንቢ አለኝ። ችሎቱ ውስጥ ገብታ ብትቀር ምን አለበት፣ እንዲያውም ያምራል አልኩ። ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ ብዬ «ተፈጸመ» አልኩና አጠፋሁት። እውነቱን ለመናገር፣ መልካም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት።

በፈተናው ቀን ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ከኋላ፣ ከኮሚቴው አጠገብ ተቀመጥኩ። መሠረት ጥቁር ሰሌዳውን በመዳፏ ለካችና መሐል ላይ ቆመች። አርባ ተማሪ ነው። የስም ዝርዝሩን ቃል በቃል አጥንታው መጥታ ሳትይዝ ጠራችው፤ ድምፃቸው ከየት እንደመጣ እየለየች ፊቷን ትመልስላቸዋለች። ጸጥ ብለው ተከተሏት። ወደ መጨረሻው ላይ፣ «አስካለ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልታጠፈችው መሬቷን እንደምታስመልስ ስላወቀች ነው። መጨረሻው ላይም ይህንኑ እናያለን፤ የጸና ያሸንፋል» አለች።

አንድ ልጅ ሳቀ። ከዚያ ሌላ ሳቀ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ።

«ቲቸር፣ ተረትታለች እኮ!» አለ አንዱ። «ያለቀለት ነገር ነው፣ በቃ፣ መሬቱን ወሰዱባት!»

«የቱ ላይ ነው ያልከው?» አለች መሠረት።

«መጨረሻው ላይ ነዋ! አላነበቡትም እንዴ?»

ከኮሚቴው አንዱ አጠገቤ ተደፍቶ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። መሠረት ፊቷን እኔ ወደተቀመጥኩበት አዞረች። ተነስቼ መናገር ነበረብኝ። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። አልተነሳሁም። ደወሉ እስኪደወል ድረስ የቀረውን ደቂቃ እንዴት እንደጨረሰችው ዛሬም አላስታውስም።

ከትምህርት ቤቱ ወጥተን ቁልቁል ወደ ቂርቆስ ስንወርድ ክንዴን አልያዘችም። በዱላዋ እየመታች ከፊቴ ሄደች። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ መጽሐፉ ስንት ምዕራፍ ነው?»

«ሃያ ሦስት።»

«ያነበቡልኝ ሃያ ሁለት ነው።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እንዳትሰበሪ ብዬ ነው መሠረት። እንደዚያ ለፍተሽ...»

«አሁን ማን ሰበረኝ ታዲያ?» አለችኝና ታክሲ ጠርታ ገባች። ድምፅዋ አልጨመረም አልቀነሰም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የማደርገው ጠፍቶኝ ጋሽ ውብሸት ቤት ሄድኩ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድምፅ የላቸውም፤ ያንሾካሹካሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም።

«ካሴቱ ላይ ‹ተፈጸመ› ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ። ደራሲ ሆነሻል።» ትንሽ ትንፋሽ ወሰዱ። «ልጅቷ አላነበበችም ተብላለች፤ ያላነበብሽው አንቺ ነሽ። ምን ትጠብቂያለሽ? ትምህርት ቤቱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው።»

እያለቀስኩ ወጣሁ። ርዕሰ መምህሩ ረጋ ያሉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። አዳመጡኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወይዘሮ አልማዝ፣ ርኅሩኅ ነዎት። ለልጅቷ አዝነው ራስዎን መክሰስዎ ግን ደግ አይደለም» አሉኝ። ያዘንኩላት ጊዜ ዋሸሁ፤ እውነቱን ስናገር አዝና ነው ተባልኩ! ይህን ሥራዬ ነው የሰጠኝ።

በማግስቱ ቴፕ ተሸክሜ ተመለስኩ። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ የመጨረሻውን ካሴት ከፈትኩላቸው። አስካለ ችሎት ገባች። «ተፈጸመ» አለ የኔው ድምፅ፤ ምንኛ ጣፍጦ! ርዕሰ መምህሩ መጽሐፉን ገልጠው የቀሩትን ገጾች በአውራ ጣታቸው ለኩ። «ይህንን ማኅተም ባለው ደብዳቤ ያምጡልኝ» አሉኝ።

ኃላፊያችን ማኅተሙን ከለከለኝ። «አብደሻል? ነገ የሁሉም ተማሪ ካሴት ሊጠረጠር ነው» አለኝ። ይጠርጠር አልኩት። ደብዳቤውን በራሴ ስም ጽፌ፣ ፈርሜ ወሰድኩ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ሁለት ወር ከማይክራፎን ታግጄ ካሴት ስወለውል ቆየሁ። ጋሽ ውብሸት ሲሻላቸው በጥድፊያ ሳይመሳከሩ የወጡትን ንባቦቼን በሙሉ አንድ በአንድ ማመሳከር ጀመሩ። አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ የመጽሐፍ ስምና የገጽ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። አውጥቼ አየሁት፤ አንድ ዓይነ ስውር ለማኝ የሚሰደብበት ግማሽ ገጽ ነው። ዘልዬዋለሁ። መዝለሌንም ረስቼዋለሁ። ከሁሉም ያሳፈረኝ ያ ነው፤ መሠረትን ብቻ የበደልኩ መስሎኝ ነበርና።

ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን ካዩ በኋላ መሠረትን አስጠርተው፣ ለጊዜው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ልቅጠርሽ ብለዋት ነበር። እሺ አላለችም። ሌላ መጽሐፍ ምረጪ ቢሏትም እንቢ አለች። ያው መጽሐፍ፣ ያችው ክፍል፣ እነዚያው ተማሪዎች አለች። ደፋር ናት ብለው ፈቀዱላት። ከዚያ ወደኛ ግቢ መጣች። እኔን አልፋ ጋሽ ውብሸትን ፈለገች።

«ጋሼ፣ ሃያ ሦስተኛውን ያንብቡልኝ።»

«ድምፅ የለኝም ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «ያለችን አልማዝ ናት።»

መሠረት፣ «እንግዲያው እሳቸው ያንብቡ፤ እርስዎ መጽሐፉን ይዘው በጣትዎ ይከተሉ» አለች።

እግድ ላይ ስለነበርኩ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ውብሸት ከትከሻዬ በላይ ተጎንብሰው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አኖሩ። ስለ ማዳበሪያ እንደማነብ ሆኜ አነበብኩት። አስካለ ተረታች። የእኩል ማሳ ያዘች። እንደምን አደሩ አለች። ጨርሼ ቀና ስል የመሠረት ፊት አልተለወጠም፤ እኔ የፈራሁት መሰበር የትም የለም። እንዲያውም ፈገግ ያለች መሰለኝ። «ይህን ደብቀውኝ ኖሯል?» አለች። «ከመጽሐፉ ሁሉ የሚሻለውን?»

እንድመጣም አዘዘችኝ፤ ያኔ በተቀመጥኩበት እንድቀመጥ።

ተማሪዎቹ ስትገባ እርስ በርስ ተነካኩ። መሠረት ሳቁ እስኪመጣ አልጠበቀችም። «ባለፈው አስካለ ታሸንፋለች ብዬአችሁ ነበር። ትክክል አልነበረም፤ ትረታለች። የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳላነብ ነው የመጣሁት። መሳቃችሁም ልክ ነው» አለች። የኔን ስም አላነሳችም። ካሴቱን አላነሳችም። ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ተነሳሁ።

«ልጆች፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም! እኔ ነኝ...»

«እትዬ አልማዝ» አለች መሠረት፣ ፊቷን በቀጥታ ወደኔ አድርጋ። «ይቀመጡ። ክፍለ ጊዜው የኔ ነው።»

ተቀመጥኩ። ከኮሚቴው ጋር ከኋላ የተቀመጡት ርዕሰ መምህሩ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ክፍል መቆጣጠር ትችላለች ወይ የሚለው ጥያቄ እዚያው የተዘጋ ይመስለኛል።

«አሁን» አለች፣ «ተረትታ፣ ይግባኝ አጥታ፣ ለምንድን ነው ጠዋት ጠዋት እንደምን አደሩ የምትለው?»

አንዲት ልጅ፣ «አሸነፍኳት ብሎ እንዳይተኛ ነው» አለች። ባለፈው የሳቀው ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ማለቴ፣ ጎረቤቷ እኮ ነው። እዚያው ልትኖር ነው። ምን ታድርግ?»

«ሁለቱንም ደብተራችሁ ላይ ጻፉ» አለች መሠረት። «የትኛው እንደሆነ አርብ እንከራከራለን።»

አርብ ሳይደርስ ተቀጠረች።

እዚያው ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ አለች፤ የክፍል ኃላፊም ሆናለች። ይቅርታ ስጠይቃት አላንገላታችኝም። ሠርጓ ላይ ከእናቷ ቀጥሎ ያስቀመጠችው እኔን ነው። ለዓመት በዓል እሷ ዘንድ እውላለሁ፤ ልጆቿ እማማ ይሉኛል። ስታመም ሆስፒታል የምትመላለሰው እሷ ናት። መጽሐፍ ላይ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ንቅንቅ አላለችም። ሳነብላት አንድ ሰው መጽሐፉን ይዞ እየተከተለ አጠገቤ መቀመጥ አለበት። ጋሽ ውብሸት እስኪያርፉ ድረስ እሳቸው ነበሩ፤ ከሳቸው በኋላ የሥራ ባልደረባዬ ትዕግሥት። ሰው ከሌለ ካሴቱን ሳታስጀምር ትመለሳለች። ሃያ ዓመት አልፎም እንዲሁ። አንድም ቀን አልተቀየምኳትም ብል ውሸት ነው።

በመጨረሻው ሳምንቴ አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ትዕግሥት እንደተለመደው ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሆድ ባሰኝ።

«መሠረት፣ ከዚህ በኋላ እዚህ አላነብልሽም» አልኳት። «ዛሬ እንኳን ብቻዬን ባነብልሽ ምን ነበረበት? አሁንም አላመንሽኝም?»

ሳቀች። እጄን ፈልጋ ያዘችው።

«የማይወደኝ ሰው ምዕራፍ አይዘልልኝም፣ እትዬ። እኔ የምጠነቀቀው ከሚወዱኝ ነው። እርስዎ ደግሞ ከያኔው ይልቅ አሁን ነው የሚወዱኝ።»

ትዕግሥት መጽሐፉን ገልጣ ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አኖረች። እኔም ማንበብ ጀመርኩ።